የለቅሶ ጥያቄ ጣጣ

ሰውን «ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ደመወዝ ተቆርጦልኝ፣ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ፣ «ሰው ደህና መሆን አለመሆኑን በቁጥር አምጣ» እስክባል ድረስ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ነው፤ ሰቆጣ። እኔ ስታቲስቲክስ ተምሬ አገሬ የተመለስኩ ሰው ነበርኩ። ዘመዶቼ ምን እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ «ቁጥር» እላቸዋለሁ። «እሱንማ ገበያም ላይ ይማሩታል» ይሉኛል። ይሁን። በዚያን ጊዜ አንድ የጤና ፕሮጀክት ወደ ከተማችን መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ በሐዘንና በጭንቀት ክፉኛ የተጎዱ ሰዎችን በመጠይቅ ለይቶ ምክርና መድኃኒት መስጠት። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ግን በመጠይቁ ብዙ ነጥብ ያገኘ ይገባል፣ ጥቂት ያገኘ ይቀራል። እንደ ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። እዚህ አንደኛ የሚወጣው የባሰበት ነው። የኔ ሥራ መጠይቁ የባሰበትን ሰው በትክክል መለየቱን መመርመር ነበር።

መጠይቁ የተጻፈው ባሕር ማዶ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ አማርኛ ተተረጎመ። ሰቆጣ ሲደርስ ደግሞ ሲስተር ጥሩወርቅ ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ መለሰችው። ሲስተር ጥሩወርቅ የጽጽቃ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት። በአማርኛ ትታገሣለች፣ በኽምጣኛ ትቆጣለች።

የመጀመሪያውን የሙከራ ቀን ልንገራችሁ። አንዱ ጥያቄ «ባለፉት ሳምንታት ወደ ታች የመውረድ ስሜት ተሰምቶዎታል?» ይላል። የጻፈው ሰው መከፋት ማለቱ ነበር። አንድ አዛውንት ጥቂት አሰቡና «አዎ፤ ፍየል ልሸጥ አበርገሌ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። ሌላው ጥያቄ ደረጃ ወጥተው ፎቅ ለመድረስ ይቸገሩ እንደሆነ ይጠይቃል። «ፎቅ የሚባል ወጥቼ አላውቅም» አሉ። መመሪያው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው «ጨርሶ አይችልም» ብለህ ሙላ ይላል። እኚያ ጠቦት ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው የመጡ ሰው በወረቀት ላይ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ቁጭ አሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ አይደል?

እንዲህ ያለውን ማረም ግን ቀላል ነው። ያልገባ ጥያቄ ወዲያው ያስታውቃል፤ ሰው ይስቃል፣ ወይም ግንባሩን ይቋጥራል። አደገኛው ሁሉም የገባው የሚመስለው ጥያቄ ነው። እሱን የሚያጋልጥ ዘዴ ያስፈልጋል። ዘዴው ደግሞ ነበረኝ፤ በዚህ አላፍርም።

እንዲህ ነው የማደርገው። አንዱን ጥያቄ ለብቻው አወጣለሁ። ሰዎቹን በቀሩት ጥያቄዎች ድምር አሰልፋለሁ፤ ከደህናው ጀምሬ እስከ ተጎዳው። ከዚያ ከየደረጃው ስንቱ ሰው ለዚያች ጥያቄ «አዎ» እንዳለ አያለሁ። ነጥብ አስቀምጣለሁ፣ ነጥቦቹን አገናኛለሁ። በቃ። ብዙው ሰው የሚሠራው የመስመሩን ቅርጽ አስቀድሞ ወስኖ፣ መልሱን በዚያ ቅርጽ ውስጥ እየጠቀጠቀ ነው። እግርን ለጫማ እንደማስተካከል። እኔ የመረጥኩት ዘዴ ግን ቅርጹን መልሱ ራሱ ይሳለው ይላል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ይበልጥ በተጎዳ ቁጥር «አዎ» የሚለው ይብዛ እንጂ አይቀንስ። ረጅም የሙያ ስም አለው። ስሙን ለተማሪዎቼ ልተወውና ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

መብራት ስለጠፋ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእጄ ሣልኩት። የእንቅልፍ ማጣት መስመር ሽቅብ ወጣ። የምግብ ማስጠላት ሽቅብ ወጣ። ተስፋ መቁረጥም እንደዚያው። አንዷ ግን እምቢ አለች። «ባለፉት ሳምንታት አልቅሰዋል?» የምትለው። መስመሯ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ቁልቁል ታጠፈ። ከሁሉ የባሰባቸው ሰዎች «አላለቅስም» እያሉ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የአገራችንን ባህል ነው። እኛ ዘንድ ለራሱ ብቻ የሚያለቅስ ማን አለ? የጎረቤት ለቅሶ ይደረሳል፣ የጎረቤት ዘመድ ለቅሶ ይደረሳል፣ ባይተዋወቁም መንገድ ላይ ካገኙት ይደረሳል። ከጠየቅናቸው ሰዎች መካከል አንዲት አልቃሽ ነበሩ። ግጥም እየደረደሩ ለቅሶ የሚያሞቁ፣ በየመንደሩ የሚጠሩ፣ ጉንጫቸው የሞላ ደስተኛ ሴት ናቸው። «አልቅሰዋል?» ሲባሉ «እንዴታ፣ ሥራዬ አይደል» ብለው ሳቁ። በዚህች ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አገኙ። ይህ ግን ደህናው ሰው ለምን «አዎ» እንደሚል ያስረዳል እንጂ፣ የተጎዳው ለምን «አይ» እንደሚል አያስረዳም።

መስመሩን ይዤ ወደ ሰሎሞን ሄድኩ። ሰሎሞን ሐኪም ነው፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ስለነበርን ዶክተር የምለው ሰው ፊት ብቻ ነው። ወረቀቱን አየና «ጫፍ ላይ ያሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ጥቂት ሰው መስመር ያጣምማል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰሎሞን ሞኝ አይደለም። «አስቤበታለሁ» አልኩት። «ተቀራራቢዎቹን ደረጃዎች አንድ ላይ አድርጌ ደግሜ ሣልኩት። አሁንም ይታጠፋል።»

«ስማ» አለ፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የተጎዳ ሰው ያለቅሳል። ይህች ጥያቄ በየአገሩ ተጠይቃ የሠራች ናት። እኛ ብናወጣት ውጤታችንን ከማን ጋር እናወዳድረዋለን?»

ተረት ማወቅ ብቻውን አይበቃም። እኔም አውቃለሁ። ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል የሚለውን ልመልስለት አማረኝና ተውኩት። በምትኩ «ጫፍ ላይ ያሉትን ሰዎች ሄጄ ላነጋግራቸው» አልኩት። ፈቀደ።

ከሲስተር ጥሩወርቅ ጋር ሰቆጣ ዙሪያ ወጣን። ከጎበኘናቸው አንዷን ወይዘሮ ምስላል ልበላቸው፤ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ባለቤታቸው እርሻ ላይ ነበሩ። እሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው እህል ይለቅማሉ። ውጤታቸውን አውቀዋለሁ። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም፣ ሰው መቅረብ የለም። «አላለቅስም» በማለታቸው ግን ለመግባት ትንሽ ጎድሏቸው ከፕሮግራሙ ውጭ ቀርተዋል።

ሲስተር መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራቻቸው፣ ቀጥሎ ስለ ገብሱ። ከዚያ ቀስ ብላ «እትዬ፣ አላለቅስም ብለውን ነበር» አለቻቸው።

«አዎ፤ አላለቅስም።»

«ስለማይከፋዎት ነው?»

እጃቸው እህሉ ላይ ቆመ። «እንባው እምቢ አለኝ» አሉ። ሲስተር ኽምጣኛ ለማልሰማው ለኔ ለከተማ ልጅ ልትተረጉምልኝ ስትል፣ እሳቸው ራሳቸው ወደ አማርኛ ዞሩ። «ሁለቱ ልጆቼ አክስታቸው ዘንድ ቆላ ወርደው ወባ ጨረሳቸው። መርዶ የተነገረኝ ቀን አገሩ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ደርቄ ቆምኩ። ጎረቤቴ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች፤ አልቅሺ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል እያለች። ክንዴ በለዘ። እንባው ግን አልመጣም። ጨካኝ እናት ነው የምባለው።»

ይህን ያሉት ስለ ጎረቤት ከብት የሚያወሩ ያህል ነው፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። ሲስተር ጥሩወርቅ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እህሉን አብራቸው ትለቅም ጀመር። እኔም የማደርገው ስላጣሁ ለቀምኩ። እንክርዳዱንና ደህናውን እያደባለቅኩ ሳስቸግራቸው ወይዘሮ ምስላል ሰፌዱን ከኔ ራቅ አደረጉት።

ሌሎቹንም አነጋገርን። አንዱ «ደነዘዝኩ» አሉን። አንዷ «ለማልቀስም አቅም ይፈልጋል» አለች። ከጠረጴዛዬ ሆኜ ያየሁት መታጠፊያ ላይ ሰው ተቀምጦበት ነበር።

ሰሎሞን ዘንድ ተመለስኩና ተረቱ እንደተገለበጠ ነገርኩት። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ልክ ነው» አልኩት። «ሐዘኑ ከአንጀት አልፎ ሲሄድ ግን ይገድማል። ይህች ጥያቄ መካከለኛውን ታስገባለች፤ ከሁሉ የባሰበትን ደጅ ታስቀራለች።» ሰሎሞን የወይዘሮ ምስላልን ክንድ ነገር ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ መላውን ያገኘው እሱ ነው። ጥያቄዋ ለማወዳደሪያ ትጠየቅ፣ ሰውን ለማስገባትና ለማስቀረት ግን አትቆጠር። ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት ስሌቱን እንደገና ሠራን፤ ወይዘሮ ምስላልም ገቡ። ሲስተር በየሳምንቱ እየሄደች ታነጋግራቸው ጀመር፤ ከሌሎች ሐዘንተኞች ጋርም ታሰባስባቸዋለች።

ወሬዬን እዚህ ባቆመው ጀግና ሆኜ እቀራለሁ። ግን ወራት ካለፉ በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ የወይዘሮ ምስላል ባለቤት አያ ኪሮስ ቢሯችን መጡ። ሦስታችንም ነበርን። ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

«ሚስቴን ምን አደረጋችኋት?» አሉ።

«ምን ሆኑ?» አለ ሰሎሞን ደንግጦ።

«ታለቅሳለች። እሳት ስታነድ ታለቅሳለች። የልጆቹን ልብስ ከሣጥን እያወጣች ታለቅሳለች። ድሮ እኮ ዝም ያለች ሴት ነበረች። አክሙልኝ አልኩ እንጂ አስለቅሱልኝ አላልኩም።»

እኔ ይህን ስሰማ ልቤ በደስታ ዘለለ። ሳቅ እንዳይመስልብኝ አፌን በእጄ ያዝኩና ጠየቅኳቸው። ይተኛሉ? ትተኛለች አሉ። ይበላሉ? ትበላለች። ሰው ያናግራሉ? «ታናግራለች? ባለፈው ገበያ ከነጋዴው ጋር ተጣልታ፣ እኔ ነኝ የገላገልኳት።»

ከዚህ በኋላ ማን ያስቆመኛል? ባለ ካሬ ወረቀቴን አወጣሁና ለአያ ኪሮስ አሳየኋቸው። ይኸው ዳገቱ፣ ይኸው ጫፉ። ባለቤትዎ እዚህ ነበሩ፣ እንባ በማይደርስበት። አሁን ሲሻላቸው ወደዚህ መጡ፤ እዚህ ያለ ሰው ያለቅሳል። መንገዱ በዚህ ነው የሚያልፈው። ለቅሶው የደህንነት ምልክት ነው፣ አይዘኑበት አልኳቸው። ሰሎሞን ራሱን እየነቀነቀ አገዘኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ያስረዳሁ አይመስለኝም።

አያ ኪሮስ ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«እንግዲህ ለቅሶ ጤና ከሆነ» አሉ፣ «እኔ በጣም ጤነኛ ነኝ።»

ወረቀቱን መለሱልኝ።

«በየቀኑ ነው። በሬዎቹን ጠምጄ፣ ማሳ ላይ። እዚያ ሰው አያየኝም።»

«ለምን አልነገሩንም አያ ኪሮስ?» አለች ሲስተር ዝግ ብላ።

«ማን ጠየቀኝ? የሚጠየቀው ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው፣ ዕጣው የወጣው ለባለቤትዎ ነው፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ አላችሁኝ። ጠበቅኩ።»

ሰሎሞን እኔን አየኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ወረቀቱ ላይ ስለ አያ ኪሮስ አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። ሲስተር ጥሩወርቅ ግን ሁለታችንንም አላየችንም። ወንበሯን ለቃ ወደ እሳቸው ሳበችና በኽምጣኛ አንድ ነገር አለቻቸው። አያ ኪሮስ በዚህ ጊዜ ተቀመጡ።

አወሩ። ስለ ትልቁ ልጅ አወሩ፤ እርፍ መያዝ የጀመረ ነበር። ስለ ትንሿ አወሩ። ግማሹን በኽምጣኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። እያለቀሱ አወሩ፣ አንዴም ሳቁ። ሰሎሞን በሽተኛ እየጠበቀው እንኳ አልተነሣም። እኔም ብዕር አላነሣሁም፤ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ገበያው ሊበተን ሲል አያ ኪሮስ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ተነሡ። ሲስተርን መረቁ፣ ሰሎሞንን መረቁ። በሩ ጋ ደርሰው ዱላቸውን ሲያነሡ ዞር ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ ግን» አሉኝ፣ «ቀኑን ሙሉ እዚሁ ቁጭ አልክ። ሥራ የለህም?»