በሙሉ ድምፅ የጸደቀው ክትትል

የሚያየው ያጣ ትጉህ ሠራተኛ ምንኛ ያሳዝናል! በቢቸና ከተማ፣ ስሙን የማንጠቅሰው፣ ሥራውንም እስካሁን ማንም ጠቅሶት የማያውቅ የአንድ መስሪያ ቤት ኃላፊ አቶ ሽመክት ይህን ሐዘን በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል። ማልደው ይገባሉ፣ ወንበራቸውን ያሞቃሉ፣ ማንም ልብ አይላቸውም። የሞጣው ቅርንጫፍ ኃላፊ ጡረታ ከወጡ ወዲህማ ሐዘናቸው ባሰ። የሞጣው ወንበር ይሽከረከራል። የቢቸናው እንኳን ሊሽከረከር አንድ እግሩ አጭር ነው።

ስለዚህ ከሆሳዕና ተመድቦ የመጣው የኮምፒዩተር ባለሙያ ንጋት ፊቱን አጨፍግጎ ሲገባ፣ ያመጣላቸው የምስራች ነበር።

«አቶ ሽመክት፣ ይሄ አዲሱ የቪዲዮ ማጫወቻ አላማረኝም። ምን እንዳየን፣ መቼ እንዳየን፣ የት ላይ እንዳቋረጥን እየመዘገበ ይልካል።»

«ወዴት ነው የሚልከው?»

«ወደ ባለቤቶቹ። እነሱም ለሌሎች ይሸጡታል።»

«ለበላይ አካል ማለት ነው።»

«ኧረ ለነጋዴ ነው!»

«ልጄ፣ ከቢቸና የሚላክ ነገር ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ወደ ሌላ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?»

ንጋት አይቶ አያውቅም። ማጫወቻው መከታተል ከመጀመሩ በፊት «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ብሎ እንደሚያስመርጥ ብቻ ነገራቸው።

አምባገነን ቢሆኑ ኖሮ ብቻቸውን ይጫኑት ነበር። አቶ ሽመክት ግን አሳታፊ መሪ ናቸውና ሠራተኛውን ሰበሰቡ። «ክትትል የሌለው ሠራተኛ እረኛ የሌለው ከብት ነው!» ብለው ንግግር አደረጉ። ከብቱም አጨበጨበ። እጃቸውን ያወጡት የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ብሩክታይት ብቻ ነበሩ።

«እኔ የምሰማውን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩም። ለማላውቀው ነጋዴ ልናዘዝ?»

«የሚደብቁት ነገር ከሌለ ምን ያስፈራዎታል?»

«እርስዎ የመጸዳጃ ቤቱን በር የሚዘጉት ምን ደብቀው ነው?»

ይህ ተቃውሞ «ገንቢ አስተያየት» ተብሎ ተመዘገበና ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አቶ ሽመክት ማኅተም በሚመቱበት ክንድ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫኑት።

በማግስቱ ትእዛዝ ወጣ፤ የበላይ ኃላፊው አቶ አካለ ወልድ ስለ ትጋት ያደረጉት ንግግር፣ ያው ማለቂያ የሌለው፣ በየኮምፒዩተሩ ሌት ተቀን ይጫወት። ጆሮ እንዳይታመም ድምፁ እንደ ትንኝ ዝቅ እንዲል ተፈቀደ። ንግግሩ እንዳይቋረጥም ሥራው ተቋረጠ።

የመሬት ማስረጃ ፍለጋ የሚመላለሱት ገበሬው አያ ፋንታ በዚያው ሰሞን ብቅ አሉ።

«ኮምፒዩተሩ ስብሰባ ላይ ነው አያ ፋንታ፤ ሌላ ቀን ይምጡ» አሏቸው ወይዘሮ ብሩክታይት።

«ኧረ የጉድ አገር! ሰዉ ስብሰባ ላይ ነው ስትሉኝ ከረማችሁ፤ አሁን ደግሞ ዕቃውም ገባ?»

አቶ ሽመክት ይህን ከውስጥ ሆነው ሲሰሙ ፈገግ አሉ። ወንበሩ ሲሽከረከር ከወዲሁ ይታያቸው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አቶ አካለ ወልድ የአዲሱን ኃላፊ ሹመት ሊያበስሩ ወደ ሞጣ ሲያልፉ ቢቸና ጎራ አሉ። ሠራተኛው በአዳራሹ ተሰለፈ፤ ትልቁ ስክሪን ተሰቀለ።

«ክቡርነትዎ» አሉ አቶ ሽመክት፣ «ቢቸና ሌት ተቀን ማንን እንደምታዳምጥ እኔ አልናገርም፤ የሚከታተለን ራሱ ይመስክር!»

ንጋት ማጫወቻውን ከፈተው። የአቶ አካለ ወልድ ፎቶ ቦግ አለ። ከሥሩ በደማቁ ተጽፏል፦ «ይህን አዘውትረው ስለሚያጫውቱ፣ እነዚህንም ይወዷቸዋል፦ የዝናብ ድምፅ ለከባድ እንቅልፍ። የማራገቢያ ድምፅ፣ እስኪነጋ። እሹሩሩ፣ አስቸጋሪ ሕፃናትን ለማስተኛት።»



«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ አካለ ወልድ።

«ክቡር ኃላፊ» አለ ንጋት፣ «ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጫውት ሰው እንቅልፍ የራቀው ነው ብሎ ማጫወቻው ገምቶ ነው።»

አቶ ሽመክት ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ይሄ ገመና መድፈር ነው! ሰው በገዛ ቢሮው የሚሰማውን ማን ፈቅዶለት ነው የሚከታተለው?»

«እርስዎ ነዎታ» አሉ ወይዘሮ ብሩክታይት። «በሙሉ ድምፅ። እኔም ሳልደግፍ ደግፌያለሁ።»

አቶ አካለ ወልድ ተነሡ። «የሞጣው ወንበር» አሉ፣ «ለነቃ ሰው ይሰጣል።» ከዚያም ወጡ።

መኪናቸው ሊነሣ ሲል ግን መስኮቱን ዝቅ አድርገው ንጋትን ጠሩት። ስልካቸውን አቀበሉትና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ፤

«ያቺን… የዝናቧን ጫንልኝ እስቲ። እኔም እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል።»

«እሺ ክቡር ኃላፊ። እስማማለሁ ልበል ወይስ አልስማማም?»

አቶ አካለ ወልድ ግራ ቀኙን ቃኙ።

«በሽመክት ስም ተስማማ።»

ከመኪናው ማዶ እጅ ነሥተው የቆሙት አቶ ሽመክት ከወሬው ሁሉ የሰሙት ስማቸውን ብቻ ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አጨበጨቡ።