ከጠረጴዛው ስር የተማጸነው ሊቅ

[የአናጢ ቤት ነው። ወለሉን የእንጨት ፍቅፋቂ ሸፍኖታል፤ ጥግ ላይ ቀለም ያልተቀባ ትልቅ ቁም ሣጥን ቆሟል። ሰፈሩ «ሊቁ» እያለ የሚጠራው ሰው ከመሥሪያ ጠረጴዛው ስር ተወሽቋል። አናጢው የሚስቱ ወንድም ነው። ሊቁ በክርክር ተረትቶ አያውቅም፤ አሁንም ጉልበቱ ከአገጩ ቢገጥም፣ ክብሩ ግን እንደቆመ ነው።]

ሊቁ፦ ስንቴ ልንገርህ? አልተደበቅሁም፤ ተማጽኛለሁ!

አናጢው፦ የተማጸነ ሰው ጠረጴዛ ስር ምን ያደርጋል?

ሊቁ፦ መደበቂያ የሌባ ነው። መማጸኛ ግን የተከበረ ሰው የሚጠጋበት ነው።

አናጢው፦ እሺ የተከበርከው፣ እግርህን ሰብስብ። መጋዙ አያውቅህም።

ሊቁ፦ ቃሉ ከየት እንደመጣ ብታውቅ እንዲህ አታፌዝም። በግዕዝ «ሐፀነ» ማለት አቀፈ፣ አሳደገ ነው። ማኅፀንም፣ መማጸንም ከዚያው ናቸው። የሰው ልጅ የመጀመሪያ መማጸኛው የእናቱ ሆድ ነው!

አናጢው፦ እና አሁን ሆድ ውስጥ ነህ?

ሊቁ፦ በምሳሌ ነው እንጂ!

አናጢው፦ እኔ እኮ ጠረጴዛውን ሳንቃ ልልግበት ብዬ ነው የሠራሁት።

ሊቁ፦ ሕጉን ስማ። መማጸኛ የገባ ሰው አይነካም፣ አይጠቆምም፣ ተጎትቶም አይወጣም። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወጣል።

አናጢው፦ ማንም ቢሆን?

ሊቁ፦ ማንም!

አናጢው፦ ሴትም ብትሆን?

ሊቁ፦ ሴት በለው ወንድ፣ ጥፋተኛ በለው ንጹሕ። የቤቱ ጌታ አይመርጥም።

አናጢው፦ [ቁም ሣጥኑን በጎን አየት አድርጎ] ተመስገን። ሲጨንቀኝ ነበር።

[ከቁም ሣጥኑ «ቋ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።]

ሊቁ፦ ምንድን ነው?

አናጢው፦ እንጨት ነው። ሲደርቅ ቋ ይላል።

ሊቁ፦ አውቃለሁ! ልነግርህ ስል ቀደምከኝ።

አናጢው፦ ለመሆኑ እህቴን ምን አድርገህ ነው?

ሊቁ፦ የስፌት መኪናዋን ፈታሁት።

አናጢው፦ ተበላሽቶ ነው?

ሊቁ፦ ደህና ነበር። አሠራሩን ላስረዳት ብዬ ነው። መልሼ ስገጥመው... [ከኪሱ እፍኝ ሙሉ ብሎን ያወጣል] ይሄ ተረፈ።

አናጢው፦ ነገ የምታስረክበው የሙሽራ ቀሚስ አለባት እኮ! ደግሞ ቀስ ብለህ ተናገር።

ሊቁ፦ ማን ይሰማናል? አይጥ ገብቶበት ነው እላታለሁ። የዋህ ናት፤ የነገርኳትን ሁሉ ትውጣለች።

[ቋ! ቋ!]

አናጢው፦ ኧረ ተው፣ እንጨቱ ክፉኛ እየደረቀ ነው!

ሊቁ፦ ይድረቅ!

አናጢው፦ ቆይ፣ ከእህቴ የሸሸ ሰው እንዴት ወንድሟ ቤት ይመጣል?

ሊቁ፦ ብልሃቱስ እዚያ ላይ አይደል! ወንድሟ ቤት አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አናጢው፦ ከአንተ የሸሸ ሰውስ?

ሊቁ፦ ከእኔ ማን ይሸሻል? አገር ምድሩ እውቀት ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣል እንጂ!

[እንጥሻ ይሰማል።]

ሊቁ፦ ይማርህ።

አናጢው፦ እኔ አላስነጠስኩም።

[ሁለቱም ወደ ቁም ሣጥኑ ይዞራሉ። የሊቁ ፊት ቀስ በቀስ ይገረጣል። ስለ እንጨት የሚያውቀውን ሁሉ በልቡ ቢያገላብጥ፣ የሚያስነጥስ እንጨት አጣ።]

ሊቁ፦ ማን ነው እዚያ ያለው?

አናጢው፦ አይጠቆምም።

ሊቁ፦ ክፈተው!

አናጢው፦ ተጎትቶም አይወጣም። ሕጉ ያንተ ነው፤ እሷ ደግሞ ቀድማህ ነው የገባችው።

ሊቁ፦ እሷ?!

አናጢው፦ የሱፍ ኮትህን በፈላ ውሃ አጥባው ተኮማትሯል፣ ለአሻንጉሊት እንኳ አይበቃም። «ቁጣውንስ እችለው ነበር፤ ሱፍ ከየት እንደመጣ እስኪመሽ ሲያስተምረኝ ግን አልችልም» ብላ ተማጸነችኝ።

[ሊቁ ብድግ ሲል አናቱን ከጠረጴዛው ያጋጫል። ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ይበተናሉ፤ እሱም እየዳኸ ይወጣል።]

ሊቁ፦ አይጡንም ሰማች?

አናጢው፦ የዋህነቷንም።

ሊቁ፦ ወንድሜ፣ በሞቴ! መቼ ነው የምትወጣው?

አናጢው፦ ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ ነዋ።

[የቁም ሣጥኑ በር ሲጥ ብሎ ይከፈታል። መጀመሪያ የምትታየው የሱፍ ኮት ናት፤ መዳፍ ታክላለች። ቀጥሎ እጅጌው እስከ ክርን የተጠቀለለ የሚስቱ እጅ ይወጣል።]

አናጢው፦ [መላጊያውን አንሥቶ ገለል እያለ] ተመለስ ማኅፀንህ ውስጥ ግባ፣ የኔ ሊቅ። ምጡ ጀምሯል።