ልሳነወርቅ ሱባኤ ሲገባ

[ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በጋ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት የተነዳ አሮጌ ቶዮታ ኦሽን ሲቲ፣ ባሕሩ አጠገብ እያዘገመ ነው። መሪውን የያዘው ዓባይነህ ነው። በዲቪ መጥቶ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የተቀመጠ፣ መንዳት የሚችል፣ ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው። አጠገቡ ልሳነወርቅ አለ። ልሳነወርቅ ድሮም የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሚስቱን ተከትሎ ካቶሊክ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል።]

ዓባይነህ፦ እኔ አላፈገፍግም አልኩህ!

ልሳነወርቅ፦ ማን አፈግፍግ አለህ? ሪትሪት ነው ያልኩህ።

ዓባይነህ፦ ልጄ ሶሊ ነግራኛለች። ሪትሪት ማለት ጦር ሲሸሽ ነው።

ልሳነወርቅ፦ እሱ የወታደሩ ነው። የመንፈሳዊው ሱባኤ ማለት ነው።

ዓባይነህ፦ ሱባኤው ባሕር ዳር ነው ስትለኝም ፓስፖርቴን ይዤ ነው የመጣሁት።

ልሳነወርቅ፦ ከባሕሩ ዳር አልኩህ እንጂ ባሕር ዳር አልኩህ?

ዓባይነህ፦ እናቴ እኮ በግ ገዝታለች!

ልሳነወርቅ፦ ደውልና በጉን አስመልስ። አንተ ሾፌር ነህ፤ እኔ ሌይ ሚሽነሪ ነኝ።

ዓባይነህ፦ ሌይ ማለት መተኛት አይደለም?

ልሳነወርቅ፦ ምእመን ማለት ነው! ቄስ ሳይሆን ለሚስዮን ሥራ የሚላክ ተራ ምእመን።

[እሑድ፣ በሱባኤው መዝጊያ፣ ከምእመናኑ አንዱ መስቀል ተንጠልጥሎለት ለሁለት ዓመት ወደ ፔሩ እንደሚላክ ተነግሯል። ያ ሰው ልሳነወርቅ መሆኑን ከዊተን እስከ አናንዴል ያልሰማ ሐበሻ የለም። የነገራቸው እሱ ራሱ ነው። የሚሠራበትን ጋራዥ አለቃ እንኳ አቅፎ ተሰናብቶታል።]

ዓባይነህ፦ ሌላ ሰው ቢመርጡስ?

ልሳነወርቅ፦ አይመርጡም። አባ ፊሊፕ መልኬን ባያውቁትም በስልክ ሁለት ሰዓት አውርቻቸዋለሁ።

ዓባይነህ፦ እሳቸውስ ምን አሉ?

ልሳነወርቅ፦ ተራ አልደረሳቸውም። ይኸው ደረስን! በሩ ላይ ምን እንደሚል አየህ? «ሸክማችሁን አራግፉ፤ አዲስ ሰው ሁኑ።»

ዓባይነህ፦ ማዶ ያለው ቤት በር ላይ ግን መስቀል ተሰቅሏል።

ልሳነወርቅ፦ እሱ ለቅሶ ቤት ነው። ፈረንጅ ሰው ሲሞትበት በሩ ላይ መስቀል ይሰቅላል። በረንዳው ላይ ያሉትን ተመልከት፤ አንድ የሚናገር አለ?

ዓባይነህ፦ ውይ! ነፍስ ይማር።

[ልሳነወርቅ ሻንጣውን ይዞ «ሸክማችሁን አራግፉ» ወደሚለው ቤት ገባ። ስሙ መዝገባቸው ላይ አልነበረም። እሱ ግን አሜሪካን አገር ስሙ በትክክል ተጽፎ ስለማያውቅ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቅዳሜ ጠዋት ከዓባይነህ ጋር መኪናው አጠገብ ተገናኙ። የልሳነወርቅ ፊት ገርጥቷል። ዓባይነህ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው።]

ዓባይነህ፦ ትናንት በመስኮት ሳይህ ሚዛን ላይ አውጥተውህ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ምሳሌ ነው። የነፍስ ሚዛን። ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ሥዕሉን አይተህ አታውቅም?

ዓባይነህ፦ ቅዱስ ሚካኤል ወገብ ይለካል እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ እሱ አዲስ ሥርዓት ነው። ከቫቲካን የመጣ።

ዓባይነህ፦ ያቺ ቀይ ካናቴራ የለበሰችው ሴትዮስ ምን ሆና ነው ያለቀሰችው?

ልሳነወርቅ፦ ኑዛዜ ላይ ነበረች። እዚህ ሰው ኃጢአቱን የሚናገረው በጉባኤ ፊት ነው።

ዓባይነህ፦ እኔ የሰማሁት ዶናት ስትል ነው።

ልሳነወርቅ፦ ፈተናን በዶናት መስላ ነዋ! ዶናት ምንድነው? ላዩ ጣፋጭ፣ መሃሉ ባዶ። የዚህ ዓለም ተድላ እንደዛ ነው።

ዓባይነህ፦ [ደንግጦ] እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምበላው!

ልሳነወርቅ፦ በል ንስሐ ግባ። ጾሙ ግን... እውነቱን ልንገርህ፣ የድሮው ጾማችን ቢያንስ ሽሮ ነበረው። እዚህ ጠዋት ግማሽ ብርቱካን፣ ማታ ቅጠል። ቅጠሉን ደግሞ እየቆጠሩ።

ዓባይነህ፦ ጸሎትስ አለ?

ልሳነወርቅ፦ አለ እንጂ! ጠዋት አሸዋው ላይ በጀርባችን አስተኝተው እግር ሽቅብ አስነሱን።

ዓባይነህ፦ እግር?!

ልሳነወርቅ፦ እጁንማ ማንም ያነሳል። እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ የጸለየ ማን አለ? ሆዴ እስከ አሁን ይንቀጠቀጣል፤ መንፈስ ነው።

ዓባይነህ፦ እኔን ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። እናንተ ጋ ቄስ አላየሁም።

ልሳነወርቅ፦ አባ ፊሊፕ እሑድ ነው የሚመጡት፣ ለመስቀሉ። አንተ የት ነው ያደርከው?

ዓባይነህ፦ እዚሁ ማዶ። ዓሣ ነበረ፣ ድንች ነበረ...

ልሳነወርቅ፦ [ምራቁን ውጦ] ተው፣ የምግብ ነገር አታንሳብኝ! ዛሬ ስብከት አለብኝ።

[በእርግጥም ሰበከ። በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት፣ ማንም ሳይጋብዘው፣ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ወጥቶ በሚያውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ስለ ሸክም ጮኸ። ሰው ሸክሙን ካልጣለ በጠባቡ በር አያልፍም አላቸው። ስለ በሩ ጥበት ሲናገር ቀይ ካናቴራዋ ሴትዮ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ኪሱ ውስጥ የደበቀውን ቸኮሌት አውጥቶ ወደ ባሕሩ ወረወረው። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ልሳነወርቅ ከወንበሩ ሲወርድ በልቡ ፔሩ ደርሶ ነበር።

እሑድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስሙ ተጠራ። አሰልጣኟ አቀፈችውና የመዝለያ ገመድ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። «አባ ፊሊፕስ?» አላት። «የማን አባት?» አለችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር አድርጋ፣ ቤቱ ክብደት የሚቀነስበት ቤት መሆኑን አስረዳችው። ልሳነወርቅ ገመዱን እንዳጠለቀ ወደ መኪናው ሮጠ። ዓባይነህም ከማዶ እየመጣ ነው።]

ልሳነወርቅ፦ ቶሎ ና፣ ንዳ! የጠፋውን ቤት እንፈልግ! ሱባኤው ሳያልቅ... ቆይ። አንገትህ ላይ ያለው ምንድነው?

ዓባይነህ፦ መስቀል ነው። ለቅሶ ቤት የሰጡኝ።

ልሳነወርቅ፦ የምን ለቅሶ ቤት?

ዓባይነህ፦ ያሳየኸኝ ነዋ! ዓርብ ለራት ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ማንም አይናገር፣ እኔም አልተናገርኩ። የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም፤ ነውር ነው። ዝም ብዬ ሳለሁ አባቴ ትዝ አለኝ። ሞቱን እዚህ ሆኜ በስልክ ስላረዱኝ፣ በማግስቱም ሥራ ስለገባሁ፣ በወጉ አላለቀስኩለትም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አለቀስኩለት። እነሱም እኔን እያዩ አለቀሱ። ዛሬ ዝምታው አበቃ ተባለና ቄሱ ይሄን አጠለቁልኝ።

ልሳነወርቅ፦ ቄሱ... ማን ይባላሉ?

ዓባይነህ፦ አባ ፊሊፕ።

[ልሳነወርቅ መኪናውን ይደገፋል።]

ልሳነወርቅ፦ ስምህን አልጠየቁህም?

ዓባይነህ፦ «ልሳነወርቅ?» አሉኝ። ጓደኛዬን እንዲህ በሩቁ ያውቁታል ብዬ ኮራሁብህ። የስ፣ የስ አልኳቸው። ስማ እስቲ፣ ፔሩ የሚባለው እዚያው ቨርጂኒያ፣ ወደ ሄርንደን በኩል ነው?

ልሳነወርቅ፦ ልሳነወርቅ እኮ እኔ ነኝ! ና፣ ይዘኸኝ ግባ! እኔ መሆኔን ንገራቸው!

ዓባይነህ፦ እሱ እንኳን ትንሽ ይከብዳል።

ልሳነወርቅ፦ ምን ይከብዳል?

ዓባይነህ፦ ትናንት ስትሰብክ እኛ በዝምታ ምሳ ላይ ነበርን። ሾርባው ሳህኑ ላይ ተንቀጠቀጠ። ዛሬ አፋቸው ሲፈታ መጀመሪያ አባ «ያንን የሚጮኽ ሰውዬ ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

ልሳነወርቅ፦ ምን አልካቸው?

ዓባይነህ፦ አላውቀውም።

ልሳነወርቅ፦ ካድከኝ!

ዓባይነህ፦ ቀጥላ ወጥ ቤቷ ጠየቀችኝ። ለሷም አላውቀውም አልኳት። አንድ ሰውዬ ደግሞ በሩ ላይ ይዞኝ «አብራችሁ በመኪና ስትመጡ አይቻችኋለሁ» አለ።

ልሳነወርቅ፦ [በተስፋ] እሺ፣ ለሱስ?

ዓባይነህ፦ ለሱማ ምዬ ነው የነገርኩት።

[ከጣሪያው ላይ አንዲት የባሕር ወፍ ጮኸች።]