አያ ሰይድ ጉበቱን ያየ ዕለት

«የሰው ሆድና የወፍ ወንድ አይታወቅም» ይላሉ። ይህን የተናገረው ሰው ልጄን መዲናን አያውቃትም። ብኮራ አትፍረዱብኝ። ሐይቅ ከተማ አብሮኝ ባጃጅ የሚሳፈር ሁሉ ይህን ወሬ ከእኔ ሰምቶታል፤ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ሲቲ ስካን የሚሉት መሣሪያ ሆዳችንን ሳይነካ፣ ድንች በስሱ እንደሚከተፍ፣ ከላይ እስከ ታች ፎቶ ያነሳዋል። እሷ ያን ሁሉ ፎቶ በኮምፒውተር መልሳ ትገጥመዋለች። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ወፍራም መነጽር ሲያደርግ፣ በተኛው ሰው ሆድ ላይ ጉበቱና ደም ሥሩ ተስሎ ይታየዋል። ቢላዋው የት ገብቶ የት እንደሚዞር ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ምንም አልገባኝም ነበር።

ታዲያ ታላቅ ወንድሜ አያ ሰይድ ታመመ። አያ ሰይድ በሬ በማወቅ አምባሰል የመሰከረለት ነው። ውጫሌ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው እሱን ሳይዝ አይሄድም። እሱም ሻኛውን ጨብጦ፣ ጎኑን ዳብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ ካላየ «ግዛ» ብሎ አያውቅም። እንግዲህ የዚህ ሰው ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ተገኘ። ሲያወጡት ከፈሰሰ ሊገድለው ይችላል፤ ከተዉት ደግሞ አንድ ቀን ራሱ ይፈነዳል ተባለ።

አዲስ አበባ፣ መዲና የምትሠራበት ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ለቀዶ ጥገናው ፈቃዱን ጠየቀው። እንቢ። ለመንነው፣ ተቆጣነው፣ በስልክ ሽማግሌ ሰደድንበት። እንቢ! ያላየሁትን ነገር አዎ ብዬ አላውቅም፣ በስተርጅናም አልጀምርም አለ። ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ። ከእሱ ሌላ ወንድም የለኝማ።

መዲና ግን አልለመነችውም። ሐኪሙን አስፈቅዳ መነጽሩን አጎቷ ዓይን ላይ አደረገችው። አያ ሰይድ እጁን ዘርግቶ መዳበስ ጀመረ። እኛ የምናየው አንድ ሽማግሌ ባዶ አየር ሲጨብጥ ነው። አዙሪልኝ አላት፣ አዞረችለት። ከሥሩ አሳዪኝ አላት፣ አሳየችው። እባጩ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። እሷም ሐኪሙ የሚገባበትን መንገድ፣ ትልቁን ደም ሥር እንዴት እንደሚሸሸው በቀለም አሰመረችለት።

«ይኸ ነው የሚበላኝ?»

«እሱ ነው፣ አጎቴ።»

«መንገዱን ያበጀሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔና ሐኪሙ ነን።»

መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲያ ቢስሚላህ በሉ» አለ።

እባጩ ጠብታ ሳይፈስ ወጣ። አገር ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዱዓ ተቀምጦ ነበር የጠበቀን። ልጄን ሲመርቁ ከሁሉም በላይ ጮኼ አሚን ያልሁት እኔ ነኝ።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። አያ ሰይድ ድኖ ወደ ገበያው ተመልሷል። በቀደም አንድ ጎረቤቱ በሬ ሊገዛ ይዞት ሄደ። እንደ ልማዱ ሻኛውን ጨበጠ፣ ጎኑን ዳበሰ፣ ጥርሱን ገለጠ። ግዛ ይላል ብለው ሲጠብቁ ራሱን ወዘወዘ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ላዩን እየዳበስሁ ነው ሰው ሳስገዛ የኖርሁት አለ። መዲና መነጽሯን ይዛ እስክትመጣ በሬ የሚገዛ ሰው እኔን እንዳይጠራኝ ብሎ ቤቱ ገባ።

የውጫሌ በሬ ሻጮች አኩርፈውኛል፤ ልጅህ ገበያችንን ዘጋችው ይሉኛል። ምን ላድርግ? ባጃጅ ስሳፈር ይህንንም ጨምሬ አወራዋለሁ።