በስድሳ ሦስት ዓመቴ ወላጅ አምጣ ተባልኩ

የመጨረሻ ቀን የሚባለውን ነገር ከልቡ የሚያምን ሰው በሰፈራችን አላውቅም። ማስታወቂያው በር ላይ ሲለጠፍ ሁላችንም ቆመን እናነበዋለን፤ «እስከዚህ ቀን ድረስ» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ዓይናችን ትንሽ ይስቃል። ምዝገባም ይሁን፣ መታወቂያ ማደስም ይሁን፣ አንዱ ጎረቤት አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ይራዘማል» ይላል፤ ሌላው «መራዘሙማ አይቀርም» ብሎ ይደግፈዋል፤ በዚሁ ስብሰባው ይበተናል። ማን እንደሚያራዝመው፣ ለምን እንደሚያራዝመው የሚጠይቅ የለም። እንደ ዝናብ ነው፤ ከላይ ይመጣል። ችግሩ አንዳንዴ የእውነትም መምጣቱ ነው። አንድ ጊዜ የተራዘመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ይበላሻል።

እኔ እንኳ መበላሸት አልነበረብኝም። ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ግብር የዜጋ ግዴታ መሆኑን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የተነፈስኩት የጠመኔ ብናኝ አንድ ጆንያ ይሞላል። ደወል ከተደወለ በኋላ የቤት ሥራ ይዞልኝ የመጣ ተማሪ ከበሩ ነበር የሚመለሰው። «ነገ ላምጣ፣ መምህር?» የሚለኝን ሁሉ «ነገ ሌላ ቀን ነው» ብዬ እሸኘዋለሁ። ከባሰም «ወላጅ አምጣ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ፈተና አርሞ በመመለስ በኩል እኔ ራሴ ያን ያህል ፈጣን አልነበርኩም። ተማሪ ሲጠይቀኝ «እየታረመ ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ በሐሳብ ደረጃ ሁልጊዜም እየታረመ ነበር። ጡረታ ስወጣ አንድ ካርቶን ሙሉ እየታረመ ያለ ወረቀት ይዤ ነው የወጣሁት።

አሁን ስለ ጳጉሜ ላውራችሁ። ደመወዝተኛ የነበራችሁ ጳጉሜን ከሌላው ሰው አብልጣችሁ ታውቋታላችሁ። ጠዋት ፈርማችሁ ትገባላችሁ፣ ማታ ፈርማችሁ ትወጣላችሁ፣ አምስቱን ቀን በሙሉ ትሠራላችሁ፤ ደመወዝ ግን የለም። ወር ናት እንዳትሉ ክፍያ የላትም፤ ወር አይደለችም እንዳትሉ ሥራ አለባት። በእኔ ስሌት ዓመቱ የሚያልቀው ነሐሴ ሠላሳ ላይ ነው፤ ጳጉሜ ዓመቱ ካለቀ በኋላ በምርቃት የተጨመረች ጊዜ ናት። ስለዚህ በእኛ ደረጃ ያለ ግብር ከፋይ የዓመት ገቢውን የሚያሳውቅበት የመጨረሻ ቀን ጳጉሜ አምስት መሆኑን ያነበብኩ ዕለት ልቤ ረጋ። የመጨረሻው ቀን ራሱ የሌለ ወር ውስጥ ነው።

«በእኛ ደረጃ» ስል በባለቤቴ ማለቴ ነው። ወይንሸት ሲግናል ላይ አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለቻት፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ። ፈቃዱ በእሷ ስም ነው፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩም የእሷ ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከየካ አባዶ በታክሲ አብሬያት እመጣና ከሱቁ ጀርባ ካለችው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ደንበኞች ምን እንደምሠራ ሲጠይቋት «ያነባል» ትላለች። ሐምሌ መግቢያ ላይ ይህች «ያነባል» የምትባል ነገር ከነከነችኝና «የዘንድሮውን ግብር ማሳወቅ ለእኔ ተይልኝ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወይኒ፣ እኔ እኮ ይህን ነገር አስተምሬዋለሁ።»

«እሱስ አስተምረኸዋል» አለች። ኋላ ሳስበው፣ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ሐምሌ በዝናብ ሄደ። ነሐሴን ደረሰኞቹን ስደረድር ቆየሁ። መጀመሪያ በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፤ ከዚያ በመጠን ቢሆን ለዓይን ይሻላል ብዬ አፈረስኩት፤ ትልልቆቹ ከታች፣ ትንንሾቹ ከላይ ሆነው በጣም አማረባቸው፤ አንድ ቀን መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ገባ። ወይንሸት በየሳምንቱ «ግብሩ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «እየተሠራ ነው» እላታለሁ። ጳጉሜ አንድ ዕለት ደግሞ እንደየዓመቱ ከእህቷ ጋር ፀበል ልትጠመቅ እንጦጦ ራጉኤል ወጣች። እዚያው አካባቢ ክፍል ተከራይተው ይሰነብታሉ፤ ስልኳንም ትዘጋለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና «ያሳወቅክበትን ወረቀት ቡፌው ላይ አስቀምጥልኝ፤ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው» አለችኝ። የሱቁ ፈቃድ የሚታደሰው በዚያ ወረቀት ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከፈቃዱም፣ ከቅጣቱም ይልቅ ባዶው ቡፌ ነው።

ጳጉሜ ሦስት ማታ ጎረቤቴን «ተራዘመ እንዴ?» አልኩት። «ዘንድሮ ምንም አልሰማሁም» አለኝ። ሰውየው ለሁሉም ነገር ወሬ አያጣም። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ጳጉሜ አራት ጠዋት ማመልከቻ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጠው ከአገር ውጭ ለነበረ፣ ለታመመ፣ ወይም «ሌላ በቂ ምክንያት» ላለው ነው ተብሏል። ከአገር ውጭ አልነበርኩም፤ የካ አባዶ ሩቅ ናት፣ ግን እንደዚያ ሩቅ አይደለችም። አልታመምኩም። የቀረኝ በቂ ምክንያት ነው። «ነፋስ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። በመጨረሻ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ብዬ ዘጋሁት። ይህች ሐረግ መቼም ድንቅ ናት፤ የማንን አቅም፣ በስንት እንደሚበልጥ አትናገርም።

ግብር ቢሮው ደረስኩ። ወረፋ ጠብቄ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ስል፣ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ወጣት ብድግ አለ።

«መምህር!»

ታምራት ነው። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ሦስተኛው ዴስክ፣ በመስኮት በኩል። ደስ አለኝ። የቤት ሥራውን ስንት ጊዜ ከበር እንደመለስኩበት እስካስታውስ ድረስ በጣም ደስ አለኝ።

ማመልከቻዬን ቀስ ብሎ አነበበው። እኔ የተማሪ ወረቀት ሳነብ እንደማደርገው እስክሪብቶውን ከመስመር መስመር ያስኬዳል። የተማረው ከእኔ ሳይሆን አይቀርም።

«ከአቅም በላይ የሆነው ምንድን ነው፣ መምህር?»

«ረጅም ነገር ነው፣ ልጄ።»

«ግብር ከፋይዋ ደግሞ እርስዎ አይደሉም። ወይዘሮ ወይንሸት ናቸው። ውክልና አለዎት?»

«ባሏ ነኝ።»

«ባልነት ውክልና አይሆንም» አለ በአክብሮት። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በጉሮሮው ይዟት የኖረ በሚመስል ጣዕም እንዲህ አለኝ፦ «ነገ ይዘዋቸው ይምጡ። ያለ እሳቸው አላስተናግድዎትም።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ምንም አልገባቸውም። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ወላጅ አምጣ ተብያለሁ።

አስተማሪ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው ወላጅ ስለ መከራየት ነው። በመንገድ ያለፈውን ሰው ሁሉ «ጋሼ፣ አጎቴ ይሁኑልኝ» ይላል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ላይ አንዱን ባለ ካፖርት አጎት በሦስት የተለያዩ ልጆች ጉዳይ አነጋግሬዋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ስለ ልጁ ጠባይ ሲነግረኝ የሁለተኛውን ልጅ ስም ጠራ። እናም አላፍርም፣ በሐሳቤ አንዲት ጎረቤታችን መጣችብኝ። ቁመቷ ከወይንሸት ጋር ይቀራረባል። ታምራት ፊቴን አየና ፈገግ አለ።

«ደግሞ መምህር፣ እውነተኛዋን።»

ለካ ከሦስቱ ልጆች አንዱ እሱ ነበር።

ስልኳ ዝግ ነው፤ ስለዚህ እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄድኩ፣ ከዚያ በላይ ያለውን የማስታውሰው በጉልበቴ ነው። መታጠፊያው ሁሉ የመጨረሻው ይመስላል፤ ዞር ስትሉ ሌላ ዳገት ቆሞ ይጠብቃችኋል። ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል፣ ጭቃው ጫማ ይስባል። አንድ ሯጭ ሲወጣ አለፈኝ፤ ሲወርድ አገኘኝ፤ እንደገና ሲወጣ አለፈኝ። በሦስተኛው «አይዞዎት አባቴ፣ ደርሰዋል» አለኝ። አልደረስኩም ነበር። በየመታጠፊያው የምለውን ነገር አዘጋጃለሁ፤ አንደኛው ላይ ጥፋቱን በደረሰኞቹ አሳበብኩ፣ ሁለተኛው ላይ በመንግሥት፣ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ የማሳብበው ጠፋ።

ወይንሸት ጀሪካኗን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ጠጉሯ ገና ሳይደርቅ፣ ከእህቷ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እህቷ አንድ ጊዜ አየችኝና ከሩቅ ያለ ሰው የጠራት ይመስል ተነሥታ ሄደች።

«ወይንዬ» አልኩ። በደህና ቀን «ወይኒ» ነው የምላት።

«ስንት ነው የጠፋው?» አለች።

«ምንም አልጠፋም። ጊዜ ነው የጠፋው።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ድርደራውን፣ ነፋሱን፣ ማመልከቻውን፣ ታምራትን። የጎረቤታችንን ቁመት ብቻ ዘለልኩት። ስጨርስ ከጀሪካኑ በጣሳ ፀበል ቀዳችልኝ።

«ጠጣ። ላብህን ጥረግ። ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?»

«ሁለት ተኩል።»

«ሁለት ሰዓት በሩ ላይ እገኛለሁ። አሁን ውረድ፣ ሳይመሽብህ።»

አልተቆጣችም። ይህ ነው ቁልቁለቱን ሁሉ ያስፈራኝ።

በማግስቱ፣ ጳጉሜ አምስት፣ ታምራት ወደ ውስጥ አስገባን። ለእሷ ወንበር ሳበላት። ሁለተኛ ወንበር አልነበረም። ከጎኗ ቆምኩ፤ እጆቼ ማንም ሳያዛቸው ወደ ኋላ ሄደው ተያያዙ።

«እትዬ፣ እንግዲህ ስለ መምህር ጉዳይ ነው የጠራንዎት» አለ ታምራት። «ጭንቅላቱስ አለ። ትኩረት ነው የሌለው።»

«ቤትም እንደዚሁ ነው» አለች ወይንሸት።

«ከማን ጋር ነው የሚውለው?»

«ብቻውን ነው። መጽሐፍ ነው የሚያጠፋው።»

ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ይህን ንግግር ከወዲያኛው ወንበር ሆኜ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ የቆመው ልጅ ይሰማል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ታምራት አንድ ፋይል ከፈተና ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የወይንሸት የእጅ ጽሑፍ ነው። ቀኑ የነሐሴ አጋማሽ ነው።

«ጉዳዩ፦ ዓመታዊ ገቢ ለማሳወቅ ተጨማሪ ጊዜ ስለመጠየቅ። የዘንድሮውን ሥራ ባለቤቴ እኔ እሠራዋለሁ ብሎ ስለወሰደው፣ ብቀማው ቅር እንዳይለው ስለሰጋሁ፣ በቀኑ እንደማይደርስም ስለማውቅ፣ ተጨማሪ ቀን እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ምክንያቱ በቂ ነው፤ እስከ መስከረም 20 ተፈቅዷል» ተብሎ ተፈርሞበታል።

በእኔ ማመልከቻ ላይ ስፈልገው ያረፈድኩት በቂ ምክንያት እኔው ራሴ ነበርኩ።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ታምራትን።

«ወላጅ ሳይኖር አልናገርም፣ መምህር።»

«አንቺስ? ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ!»

«ፀበሉ እንዲደርስህ ብዬ ነው» አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሌላውን ሰው ማስረጃ አምጣ ይሉታል፤ የሐኪም ወረቀት፣ ማኅተም። «ይህን ስትፈቅድላት ማስረጃ አልጠየቅክም?»

«ምን ያደርግልኛል?» አለ ታምራት። «የዘጠነኛ ክፍል ፈተናዬን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም እኮ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «እሱንም እስከ መስከረም ሃያ እጠብቃለሁ።»

ይኸውላችሁ፣ ዛሬ መስከረም አሥራ ዘጠኝ ነው። ትምህርት ቤት ተከፍቷልና ወይንሸት ከፊት ለፊት ደብተር ትሸጣለች፤ ፋታ የላትም። እኔ ከሱቁ ጀርባ ወንበሬ ላይ ነኝ። በአንድ በኩል ደረሰኞቹ አሉ፣ በሌላው በኩል ካርቶኑ። የታምራትን ወረቀት ዛሬ ጠዋት አገኘሁት፤ ቢጫ ሆኗል። አራተኛው ጥያቄ «አንድ ግብር ከፋይ ገቢውን በተወሰነው ጊዜ ሳያሳውቅ ቢቀር ምን ይደረጋል?» ይላል። በጠማማ የልጅ ጽሑፍ «ወላጅ እንዲያመጣ ይደረጋል» ብሎ መልሷል።

ያኔ ባርመው ኖሮ ዜሮ ነበር የምሰጠው። አምስት ከአምስት ሰጠሁትና በቀይ ፈረምኩበት።

«ደረሰ ወይ?» አለችኝ ወይንሸት ከፊት፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

«አንዱ ደርሷል» አልኳት።