ያልጸደቀ አይፈተንም

"ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ" ይባላል። እኔ ሙሽራይቱን አልወቅሳትም፤ ያላየውን አምኖ የተዋረደ ስንት ሰው አለ! የእኛ ባለሙያዎች ግን ከሙሽራይቱም ይብሳሉ... ታዝለው ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላም "ጀርባ የሚባል ነገር ስለመኖሩ ማስረጃ የለም" ይሏችኋል።

አትመኑኝ፤ ግን ስሙኝ። ሰቃ ላይ ከባለቤቴ እናት የወረስናት ቁራሽ የቡና መሬት አለችን። የምንኖረው ግን ጅማ ነው። መልቀሙስ ይሁን፣ ጭንቁ ዝናቡ ነው። በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ከራሰ ይሻግታል፤ ሮጦ የሚሸፍን ሰው ከሌለ የዓመቱ ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው።

ለዚህ ጭንቅ መላ አመጣሁ ያለን ነዚፍ ነው። ነዚፍ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ባጃጅ ይጠግናል፤ ከሚጠግነው ግን የሚያወራው ይበልጣል። ባለፈው የሠራልን የከሰል ማራገቢያ አመዱን ሁሉ ጎረቤታችን ያሰጣችው ነጠላ ላይ በትኖ አጣልቶናል። አሁን ደግሞ "ዝናብ ሲመጣ ራሱን የሚሸፍን አልጋ ሠራሁ፣ ወላሂ" ብሎ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አልጋው ራስጌ ላይ ላስቲክ ተጠቅልሏል። ላስቲኩን የሚጎትተው ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ድንጋዩ እንዳይወርድ የያዘው ደግሞ ቁራጭ አሞሌ ጨው ነው። ዝናብ ጨዉን ያሟሟዋል፣ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ላስቲኩ ቡናውን ያለብሳል።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሳቀች። "ሜ እስቲ፣ መጀመሪያ ባዶ አልጋ ላይ አሳየኝ" አለችና አንድ ጆግ ውሃ አንቆረቆረችበት። ጨዉ ንቅንቅ አላለም።

"ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የሚሸፍነው?"

"ጨዉ ወፍሮ ነው፤ ቆይ ላሳሳው።"

አሳሳው። ደግማ ስታፈስበት ድንጋዩ ዱብ አለ፤ ላስቲኩም ሸርተት ብሎ አልጋውን አለበሰው። በዓይኗ ካየች በኋላ ሰቃ ያለው ቡናችን ላይ እንዲተከል ፈቀደች። መጠራጠር ማለት ይኼ ነው፤ ጆግ ይጠይቃል እንጂ ዲግሪ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ነዚፍን ግን ክብር አማረው። "ባለሙያ ካላጸደቀልኝ ከዚህ እስከ አሰንዳቦ ማን ያምነኛል?" ብሎ ሄዶ ሦስት የግብርና ባለሙያዎች ሰቃ ድረስ ይዞ መጣ። ሰብሳቢያቸው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

"ውሃ አፍስሼ ላሳያችሁ?" አለች ጥሩወርቅ ጆጓን ይዛ።

"አያስፈልግም እህቴ። ሊሠራ የማይችል ነገር ሲሠራ ማየት ምን ይጠቅማል?"

"ለምንድነው የማይሠራው?" አልኩት።

"ሴንሰር የለውማ።"

"ጨዉ እኮ ነው ሴንሰሩ" አለ ነዚፍ።

"ጨው ለወጥ ነው" አለ ሰብሳቢው። ሁለቱ ባልደረቦቹም በዚህ ጥልቅ ሐሳብ ተስማሙ። "ያልተፈተነ ነገር ምርት ላይ አይንጠለጠልም። ይውረድ።"

"ታዲያ እንፈትነዋ" አለች ጥሩወርቅ።

"ያልጸደቀ አይፈተንም።"

"መቼ ነው የሚጸድቀው?"

"ሲፈተን።"

ደሜ ፈላ። ይኼማ ጥርጣሬ አይደለም፤ በቀትር ዓይንን ጨፍኖ "መሽቷል" ማለት ነው። ግን መኪና ካለው ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ነዚፍ እያጉረመረመ ላስቲኩን አወረደ። ሰብሳቢው ደግሞ ስለ አየር ንብረት ያስተምረን ጀመር፤ በዚህ ወቅት ዝናብ እንደማይጠበቅም አብራራልን።

ዝናቡ ትምህርቱን አልተከታተለም መሰለኝ፤ ከጫካው ጀርባ ተነሥቶ ወረደ። እኔና ጥሩወርቅ ቡናውን በእጃችን እየዛቅን ጆንያ ውስጥ ስንከት ነዚፍ ላስቲኩን ሊያመጣ ሮጠ። ላስቲኩ ካስቀመጠበት የለም። ዞር ብል ሦስቱ ባለሙያዎች ተጠጋግተው ላስቲኩን ራሳቸው ላይ ዘርግተው ቆመዋል። ጠብታ አልነካቸውም።

"ኧረ እባካችሁ ላስቲኩን ስጡን፣ ቡናው እየራሰ ነው!"

ሰብሳቢው ከላስቲኩ ሥር አንገቱን ብቅ አደረገና ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቡናችንን በሐዘኔታ ተመለከተ።

"አላልኳችሁም?" አለ። "ለቡና አይሆንም።"