አተላ የጠገቡ ዓሦች

አባቶቻችን «ዓሣ መብላት በብልሃት» ብለው መከሩን። እሾኹን አስበው ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ዓሣን ስለማብላት ግን ትንፍሽ ሳይሉ አለፉ፤ እኛም አልጠየቅናቸው። ደገኞች ነን፤ የምናውቀው ፈረስ ነው፣ በሬ ነው፣ ድንች ነው። እንጅባራ ላይ ዓሣ ማለት በጾም ከባሕር ዳር በሚኒባስ የሚመጣ እንግዳ ነው። እሱም መንገድ ሲከፈት።

ጎረቤቴ አያ ታከለ ተስፋቸውን የጣሉት በዚህችው «መንገድ ሲከፈት» በምትባል ነገር ላይ ነበር። ለከሰል ይሆነኛል ብለው ዓመታት የጠበቁት ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ በሽታ ገብቶበት በቁሙ ደረቀ። ሚስታቸው ቆላ ወርደን የሰው እርሻ እንረም ብትላቸው እሳቸው ኩሬ ቆፈሩ። በሁዳዴ መንገዱ ከተዘጋ ሆቴሎቹ ዓሣ ከማን ሊገዙ ነው? በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱና ለተራቡት እንተወውና፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዓሣው ከተሸጠ በቤታቸው ይቀመጣሉ፤ ካልሆነ በሩን ቆልፈው ይወርዳሉ። ባልና ሚስት የተስማሙት እንዲህ ነበር።

ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ በሬ ሲያደልብ የኖረ ሰው ዓሣ ሲያረባ ምን ያደርጋል ትላላችሁ? አተላ ይሰጣል። ጠዋት አተላ፣ ማታ አተላ። ዓሦቹ ባልዲውን ሲያዩ ግር ብለው ወደ ላይ ይመጣሉ፤ አያ ታከለም «ለመዱኝ» እያሉ ደስ ይላቸዋል። ጾሙ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ባልዲውን ሳያዩም ወጥተው ጠበቋቸው። በጀርባቸው ተንጋለው፣ የተነፋ ሆዳቸውን ለሰማይ ሰጥተው።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ተጠራሁ። ሬሳ ላይ ቆሞ ማስተማር ምን ይሉታል? ዓሣ በሆዱ ውስጥ ፊኛ የመሰለች የአየር ከረጢት አለችው፤ አየሯ ሲጨምር ይቀላል፣ ሲቀንስ ይከብዳል፣ ልኩን ሲያገኝ ደግሞ ብዙም ሳይደክም ውኃው መካከል ይቆማል አልኳቸው። ሆዱ ከመጠን በላይ ሲነፋ ግን ከረጢቷን ይጫናታል፤ ሚዛኑ ይጠፋና ይገለበጣል። የተረፈው አተላም ውኃውን አበላሽቶ ትንፋሽ አሳጥቷቸዋል።

«እንግዲያ የገደላቸው ጥጋብ ነዋ» አሉና እንደ መሳቅ ብለው ተዉት። በዚያ ቤት በጥጋብ የሞተ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ያን ጊዜ አንዱን አየነው። ከሁሉም የሚያንሰው፣ በግፊያው አተላ የማይደርሰው ዓሣ ነው። ውኃው መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ይኸስ በምን ተረፈ?»

«ትንሽ ስለበላ ነው፣ አያ።»

አተኩረው አዩት። ከኋላችን ሚስታቸው ዕቃ ማሰር ጀምራለች።

«እኛም ትንሽ ነው የምንበላ» አሉ። «ታዲያ እኛን ምን አሰጠመን?»

የማስተምርበት መጽሐፍ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። በሳምንቱ በሩን ቆልፈው ወረዱ፤ ቁልፉንም ዓሣውንም ለእኔ አደራ ሰጡኝ። ዓሣው ይኸው እስካሁን እንደ ቆመ አለ። መንገዱ እንደሆነ ያን ሁዳዴ ሙሉውን ክፍት ሆኖ ከረመ።